ቢራራና ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ወለል

ደባርቅ ውስጥ ወለሉ የረጠበበት፣ ጣውላው ያበጠበት፣ ሊሾው የተሰነጠቀበት ሰው የሚጠራው ቢራራን ነው። ይኸ ከገበያው እስከ መናኸሪያው የታወቀ ነገር ነው። ዳባቶች «እኛም ሰው አለን» ይላሉ፤ ይበሉ፣ አፍ የራስ ነው። ዳባት ያለው አናጢ ነው። አናጢ ምስማር ይመታል፤ ምስማሩ የሚገባበት እንጨት ጤነኛ ይሁን በሽተኛ ግን አይጠይቅም። ቢራራ ይጠይቃል። እንጨቱም ይመልስለታል።

ሰውዬው ፊደል አልቆጠረም፤ ፈርም ሲሉት አውራ ጣቱን ቀለም ያስነካል። ግን ቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከበር እስከ ጓዳ አንዴ ከተራመደ በቃ፣ ቤቱን አነበበው ማለት ነው። «እዚህ ሥር ሞራሌው ለቋል» ይላል። ሞራሌ ጣውላው የሚያርፍበት አግዳሚ እንጨት ነው፤ እሱ ከሄደ ጣውላው በምን ይቆማል። «እዚህ ምስማሩ ዝጓል። እዚች ጋ ደግሞ አይጥ ወልዳለች፤ አትንኳት፣ አራስ ናት።» ጣውላው ሲነሣ አይጧ ከነልጆቿ ቁጭ ብላ ትገኛለች። ይኸን ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። መዶሻና መጋዝ ማንም አለው። እሱ ያለው አንድ ወስፌ ነው፣ እናቱ ስፌት የሚሰፉበት የነበረ። እሱን ጣውላው ላይ ይተክላል። ወስፌው አልገባም ካለ እንጨቱ ረጥቧል እንጂ አልበሰበሰም፤ ንፋስ ሲያገኝ ይድናል። የተቀቀለ ድንች እንደወጋ ሰተት ካለ ግን ያ እንጨት ሞቷል፣ አውጥቶ መጣል ነው። ከወስፌው ሌላ አመድ አለ። ደረቅ አመድ ወለሉ ላይ ይነሰነስና ያድራል፤ ጠዋት አመዱ ከጠቆረበት ቦታ እርጥበቱ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ አፍንጫው ነው። ያ አፍንጫ መቼም እግዜር ሲሠራው ቸኩሎ አልነበረም፤ ትልቅ ነው።

ኮሶዬ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያለው አንድ ሰው ባንድ ወቅት አስጠርቶት ነበር። የስሜን ተራራ ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆች የሚያርፉበት፣ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ቆንጆ ቤት ነው። ባለቤቱ «ወለሌ በስብሷል፣ እንግዳው ሽታ አማረረኝ እያለ ይሄድብኛል፣ ሙሉውን ልቀይረው ነው» አለው። ቢራራ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ማገ። «ወለሉ ካንተም ከኔም ይበልጥ ጤነኛ ነው» አለና በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አልጋው ሥር ካለው ስንጥቅ በወስፌው ጎትቶ ጎትቶ ምን አወጣ፣ የፈረንጅ ካልሲ። አንዱ እንግዳ ንፋስ እንዳይገባበት ወትፎት ሄዷል። ምን ያህል ተራራ እንደወጣበት እንጃ እንጂ ካልሲው ብቻውን ይቆም ነበር። ባለቤቱ ቤቱን ሙሉ ከማፍረስ ዳነ።

ይኸን ሙያ ከማን ተማረው ለሚል፣ ከማንም አልተማረም፣ ወድቆ ነው የተማረው። ወጣት ሳለ ዳባት ላይ የጓደኛው ሚዜ ሆኖ ሄደ። ሰርጉ ቤት ፎቅ ነበር፤ የድሮ የእንጨት ፎቅ። የጠላው ጋን ፎቁ ላይ ተቀምጧል፤ ጋኑ ደግሞ ከሥሩ ያዣል፣ እየተንጠባጠበ ጣውላውን ስንት ሰርግ ሙሉ ሲያጠጣው ኖሯል። ቢራራ ያኔ ትከሻው አይጣል ነበር። እስክስታውን ይዞ፣ ጋኑ ዘንድ ደርሶ፣ አንዴ መሬት ሲመታ ወለሉ ተከፈተና እስከ ብብቱ ገባ። ከላይ ጭንቅላትና ትከሻ ብቻ ቀረ። ሰው ውርድ ብሎ የሚመታው አዲስ ስልት መስሎት አጨበጨበለት። ከታች ግን ሽማግሎች ከሚበሉበት ማዕድ በላይ ሁለት እግር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። እዚያ ታስተናግድ የነበረች ዓለምዬ የምትባል ልጅ ወጡን እንዳይነካው ብላ እግሩን ያዘችለት። ጫማው አንዱ ወልቆ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቢራራ በኋላ ያችኑ ዓለምዬን አገባ። «እኔን ሴት ሁሉ መልኬን አይታ ትወደኛለች፣ ይቺ ግን እግሬን ብቻ አይታ ነው ያገባችኝ» ይላል። እሷም «ፊትህን ቀድሜ አይቼ ቢሆን እግርህን መቼ እይዝ ነበር» ትለዋለች። ከዚያ ሰርግ ወዲህ ቢራራ ሳይዳብስ የረገጠው ወለል የለም። አንድ ብቻ አለ፤ የዚህ ወሬ ነገርም እሱ ነው።

እመይቴ የሺወርቅ የሚባሉ ሴት ወይዘሮ አሉ፣ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ሚስት የነበሩ። መሪጌታው አርፈዋል፣ ነፍስ ይማር። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለ ነው፤ በላይ በኩል መሬት የነካ፣ በታች በኩል በድንጋይ ግንብ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጥድ ጣውላ የሆነ የደንብ ቤት። ልጃቸው አንድ ነው፣ ቴዎፍሎስ። ጎንደር ቢሮ ይሠራል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ እናቱን ከመጠን በላይ መውደዱ ብቻ ነው። ለመስቀል ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ እሳቸው ከሚጸልዩበት ጥግ መጋረጃው አጠገብ ሲደርስ እግሩ ስምጥ አለ። ጣውላው እንደ ስፖንጅ ሆኗል።

«በቃ» አለ ቴዎፍሎስ፣ «እዚህ ቤት ወድቀሽ ወገብሽ ቢሰበር ማን ያነሣሻል? ከኅዳር ሚካኤል በኋላ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

እመይቴ የሺወርቅ ጎንደር አንዴ ከርመው ነበር። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ምራታቸው እስከዳር ትንከባከባቸዋለች፣ ምንም አይጎድልም። ግን ሲመለሱ ለጎረቤት እንዲህ አሉ፤ «ከበላዬ ሰው ይራመድብኛል፣ ከበታቼ ሰው ይተኛል። መሳቢያ ውስጥ እንደገባሁ ማንኪያ ሆኜ ነው የከረምኩ።» ደባርቅ ላይ ግን ደጃቸውን ሲከፍቱ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው፣ የባላቸው መቃብር እዚያ ነው፣ ማኅበራቸው እዚያ ነው። ስለዚህ ልጃቸውን «ወለሉ ከተሠራስ?» አሉት። ቴዎፍሎስም «ከተሠራና ደርቆ ከቆየ እሺ፣ ትቀሪያለሽ። እንዲህ እንደሰመጠ ከቆየ ግን ቃል የለኝም» አለ። እንግዲህ የሴትዮዋ መኖሪያ አገር በአንዲት ጥግ ጣውላ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ቢራራ ተጠራ። የመጣው ከማኅበር ነው፤ ጠላ ቀምሷል። መጋረጃው ደግሞ ከጀርባው ሥዕለ አድኅኖ የተሰቀለበት፣ እመይቴ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙበት ነው። ጠላ የቀመሰ ሰው እዚያ ገልጦ አይገባም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ቢራራ ጫማውንም ሳያወልቅ መጋረጃው ወዲህ ቆሞ ቀና አለ። የአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ትልቅ እድፍ አየ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው።

«ጣሪያ ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ እመይቴ።

«እመይቴ፣ እኔ ጣሪያውን አይደለም፣ ያፈሰሰውንም ደመና እነግርዎታለሁ። ይኸ ጣሪያ ነው።»

ወጣ፣ ቆርቆሮውን ፈተሸ፣ የላላውን ምስማር ቀየረ፣ በቅጥራን ደፈነ። መጋረጃው ወዲህ ያሉትን የበሰበሱ ጣውላዎች አንሥቶ አዲስ የባሕር ዛፍ ጣውላ መታ። ከዚያ ገበያ ወጥቶ የእመይቴን ወለል በአንድ እይታ እንዳወቀው ላልጠየቀውም ሰው ተናገረ።

ጥቅምት መጣ። ጥቅምት ደባርቅ ላይ ውርጭ እንጂ ጠብታ የለም፤ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነው። እመይቴ የሺወርቅ ቢራራን መንገድ ላይ አገኙት። «ቢራራ» አሉት ቀስ ብለው፣ «ዝናቡ ቆሟል፤ ወለሉ ግን ገና አልሰማም።»

ሄዶ አየ። አዲሱ ጣውላ አብጦ እንደ ድልድይ ጎብጧል። ቢራራ ምንም ሳይናገር ቆየ፤ ይኸ ራሱ ለደባርቅ ትልቅ ዜና ነበር።

ማታ ራት ላይ ዓለምዬ ዝምታው ገረማት። «ምነው፣ ታመምክ?»

«አልታመምኩም።»

«ሰው ሁሉ ቢራራ ጣሪያ ሲያይ ወለል ጠፋው እያለ ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። ሌላው ገና አልሰማም፤ ነገ እነግራለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እመይቴ እኮ ከአገራቸው ሊነቀሉ ነው። ኅዳር ሚካኤል ደረሰ።»

ዓለምዬ ይኸኔ ሳቋን ተወች። «ታዲያ እንደ ደንብህ አድርገው» አለችው። «ጫማህን አውልቅ፣ አመድህን ያዝ። ጠላ ቀምሰህ ደግሞ አትሂድ።»

በማግስቱ ከምድጃቸው አመድ በወንፊት ነፍታ ሰጠችው። እሱም እመይቴን «ዛሬ ወለሉን አይጥረጉ፣ እንደሁሌው ይሁኑ፣ እንደሁሌው ይግቡ ይውጡ» ብሎ ከበሩ እስከ መጋረጃው አመዱን ነሰነሰ። እንደ ጥር ውርጭ ቤቱ ነጣ። እመይቴ «ቤቴን ገሃነም አስመሰልከው» አሉ እንጂ አልከለከሉትም።

ጠዋት ቅዳሴ እንደወጣ መጣ፣ ሆዱ ባዶ፣ እግሩ ታጥቦ። አመዱ በሩ ዘንድ ነጭ ነው። መሐል ቤት ነጭ ነው። ኮርኒሱ እድፍ ሥር ነጭ ነው። መጋረጃው ሥር ግን ጥቁር፣ ጭቃ የሆነ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እየመጣ እንደ ምላስ ወዲህ የተዘረጋ። ቢራራ በጉልበቱ ተቀምጦ አየው።

«እመይቴ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ምን አለ?»

«ሥዕል ነዋ።»

«ሌላስ?»

«ዳዊቴ።»

«ሌላስ?»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ሳፋ።»

«ሳፋው ምን ይሠራል?»

«ይቀመጣል።»

«ብቻውን?»

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ፣ ወለልህን አታይም?»

«እያየሁት ነው እመይቴ። ወለሉ ነው ጠይቅ የሚለኝ።»

እመይቴ የሺወርቅ መጋረጃውን ገለጡት። ከሥዕሉ ዝቅ ብሎ አንድ ሰፊ ሳፋ፣ አጠገቡ የጠበል ጀሪካን፣ ጀሪካኑ ላይ ጣሳ ተደፍቷል። ነገሩ እንዲህ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ድሮ ጠበሉ ድረስ ወርደው ይጠመቁ ነበር፤ አሁን ቁልቁለቱ አይሆናቸውም። ስለዚህ ጠበሉን እያስመጡ፣ ጠዋት ጠዋት ሳፋው ላይ ቆመው በጣሳ ራሳቸው ላይ ያፈሳሉ። ሳፋው ግን ለቁመታቸው ጠባብ ነው፤ ከጠበሉ እኩሌታው ውጭ ይፈሳል።

«አይወለውሉትም እንዴ?» አለ ቢራራ።

«ጠበል ነው እኮ ልጄ። በወለል ጨርቅ አብሼ ቦይ ውስጥ ልድፋው? በሬና አህያ ይርገጠው? ቤቱ ይጠጣው፣ በረከት ነው ብዬ ተውኩት።»

ቢራራ ፈርቶ መጋረጃውን አልገለጠም፣ እሳቸው ፈርተው ውሃውን አልወለወሉም፤ በሁለት ሰው ፈሪሃ እግዚአብሔር መሐል ሞራሌው ሲበሰብስ ከርሟል። ወስፌውን ጥጉ ላይ ተከለ። እጀታው ድረስ ገባ።

«ቴዎፍሎስ ይኸን ከሰማ» አሉ እመይቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚህ ብርድ ውሃ ስታፈሺ ነው የምትውይ ብሎ በጋቢ ጠቅልሎ ይወስደኛል። መጠመቄን ደግሞ አልተውም። ጉልበቴ የቆመው በሱ ነው።»

«እርስዎም አይተዉ፣ ወለሉም ይድረቅ» አለ ቢራራ። «ሁለቱን አስታርቃለሁ። ይኸን የማያስታርቅ ምን ቢራራ ነው።» እንዴት እንደሚያስታርቅ ግን ያን ሰዓት አያውቅም ነበር፤ አፉ ቀድሞ ነው የሄደው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ አፉ ይሄዳል፣ እጁ ከኋላ ይደርሳል።

መጀመሪያ የሄደው የእመይቴ የንስሐ አባት ዘንድ ነው፣ መምሬ ሚናስ። መምሬ ሚናስ ንባቸውን ሲያዩ አገኛቸው። ሁሉንም ነገራቸው።

«እና ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ።

«አባቴ፣ ጠበሉ በቱቦ ቢወጣ ኃጢአት አለው?»

«የት ነው የሚወጣው?»

«ጓሯቸው ኮሶ ዛፍ አለ። ከግንቡ ጋር የተጠጋ ነው፣ ሰው አያልፍበትም። ዙሪያውን ድንጋይ እከብበዋለሁ፣ ከብት አይደርስበትም።»

መምሬ ሚናስ አሰብ አደረጉና «እግር ካልረገጠው ምን አለው፣ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው የሚሆን። ሠርተህ ስትጨርስ መጥቼ እባርከዋለሁ» አሉ። ከዚያ ቢራራን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተስ፣ መቼ ነው የምትጠመቅ?»

«እኔማ ወለሉ ይድረቅና።»

«ላንተ ሁልጊዜ አንድ ያልደረቀ ወለል አይጠፋም» አሉና ወደ ንባቸው ዞሩ።

ሥራው እንግዲህ ይኸ ነው፤ ወለል የረጠበበት ሰው ቢሰማ አይጎዳም። ጥጉን ሙሉ ከፈተ። የሞተውን እንጨት አወጣ፣ የረጠበውን ብቻ ግን አልጣለም። የጥድ ጣውላዎቹ ጥቁር ሆነው ሰው የሚጥላቸው ይመስላሉ፤ ወስፌው ግን አልገባባቸውም። እነሱን ግንብ ላይ ደርድሮ ንፋስ አስመታቸው። ፀሐይ ላይ አላሰጣቸውም፣ ጣውላ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠማዘዛል። ወለሉ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲያይ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘ። መሪጌታው በሕይወት ሳሉ ግንቡ ላይ የተዉዋቸው የመተንፈሻ ቀዳዳዎች በጭቃና በጭድ ተመርገዋል።

«ማን ነው የደፈናቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ብርድ ያስገባሉ» አሉ እመይቴ።

«እመይቴ፣ እርስዎን አፍና አፍንጫዎን ይዤ ደኅና ይደሩ ብልዎትስ? ወለልም ይተነፍሳል።» ቀዳዳዎቹን ከፍቶ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ መታባቸው። የደባርቅ ንፋስ ደግሞ ይታወቃል፤ ከሊማሊሞ ገደል ተነሥቶ ሲመጣ የሰው ጥርስ ያደርቃል። ወለሉ ሥር እያፏጨ ሲገባ ሲወጣ እርጥበቱ የት እንደገባ አልታየም።

እንጨቱ ሲደርቅ አዲስ ሞራሌ ገጠመ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባው፣ ምስጥም ውሃም እንዳይወደው። መጠመቂያው ጥግ ላይ ግን ጣውላ አልመለሰም። ከሥር ድንጋይ ሞላ፣ ገረጋንቲ ደለደለ፣ ከላይ ሊሾ አፈሰሰበት፣ ዙሪያውን እንደ ትሪ ከንፈር አወጣለት፣ ወደ አንድ በኩል ዘንበል አደረገውና ከዚያ በግንቡ አሳልፎ ቱቦ አወጣ፣ እስከ ኮሶው ሥር። ሊሾው በውርጭ እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ አሳደረው። የቴዎፍሎስ መምጫ እየቀረበ ነው፣ ሲሚንቶ ደግሞ ችኮላ አያውቅም። ቢራራ በነዚያ ቀናት ጆንያውን ገልጦ ሲነካ፣ ሸፍኖ ሲሄድ፣ መልሶ ሲመጣ እመይቴ «እንቁላል ነው የምትታቀፍ?» ይሉት ነበር። መምሬ ሚናስ መጥተው ባረኩት። እመይቴም ገብተው ቆሙበት፤ ሰፍቷቸዋል።

ኅዳር ሚካኤል እንዳለፈ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቴዎፍሎስ መጣ። የመጣው በባዶ አይሱዙ ነው፤ ሹፌሩ ደርቤ ይባላል፣ ቀጭን፣ ብርድ የማይወድ የቆላ ሰው። ገመድና ሸራ ሁሉ ተይዟል፣ አልጋ ሊጫን፣ ቁም ሣጥን ሊጫን፣ እመይቴ ሊጫኑ።

«አያ ቢራራ፣ እስቲ እንየው» አለ ቴዎፍሎስ።

«በጫማ አይታይም።»

ቴዎፍሎስ ሳቀ፤ ግን አወለቀ። በካልሲው ከበሩ ጀምሮ ተራመደ። ወገቡን ይዟል፣ መንገዱ አድክሞታል። መሐል ቤት ደረሰ፣ ተረከዙን መታ መታ አደረገ፣ ወለሉ ዝም አለ። መጋረጃው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ነበር የሰመጠው። ቀስ ብሎ አንድ እግሩን አስቀመጠ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ዘለለ። ምንም የለም።

«ከመጋረጃው ወዲያስ?» አለ።

ቢራራ አፉን ከፈተ። ሊናገር የነበረው ውሸት ምን እንደነበር እሱም አያስታውሰውም፤ አምሮ የተዘጋጀ ነገር ነበር። ግን እመይቴ ቀደሙት። መጋረጃውን ገለጡና «መጠመቂያዬ ነው» አሉ። «ወለሉን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ። ዝናቡን ስናማው ከርመናል፣ ምስኪን።»

ቴዎፍሎስ ሊሾውን አየ፣ ጀሪካኑን አየ፣ እናቱን አየ። «በዚህ ብርድ?»

«ብርዱ እኔን ያውቀኛል።»

«ውሃውስ የት ነው የሚሄደው?»

«ውጭ» አለ ቢራራ፣ «ኮሶው ሥር። አንዲት ጠብታ ጣውላ አትነካም።»

«እስቲ ውሃ አምጡና እናፍስበት፣ ልየው።»

እመይቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተባረከ ቦታ ነው፣ ተራ ውሃ አይፈስበትም። ጠበል ደግሞ በከንቱ አይደፋም። ሰው ከሌለበት አላፈስም።» ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ወገብህን ይዘህ ነው የገባኸው። ነገ ጠዋት ሳትበላ አንተ ትገባለህ፤ ያኔ ወለሉንም ታየዋለህ፣ ወገብህም ይሻልሃል።»

«እኔ?»

«አንተ ነህ እኮ ማየት የፈለግህ።»

ጠዋት ፀሐይ ገና ጫፍ ጫፉን ስትነካ ቢራራ ጓሮ ሄዶ ቱቦው አፍ ላይ ቁጢጥ አለ። ደርቤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ አጠገቡ ቆመ። «ልጫን ነው ወይስ ልሂድ? ንገሩኝ፣ ጣቴ ሊወድቅ ነው።»

«ቆይ፣ ይህ ቱቦ ይንገርህ» አለ ቢራራ።

ከውስጥ የእመይቴ ድምፅ ተሰማ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ።» ቀጥሎ ውሃ ተሰማ። ቀጥሎ ቴዎፍሎስ፣ ቢሮ የሚሠራ ሰው ያወጣዋል ተብሎ የማይጠበቅ ድምፅ አወጣ። ቱቦው ግን ደረቅ ነው። ሁለተኛ ጣሳ ፈሰሰ። ቴዎፍሎስ «እናቴ፣ ይበቃል፣ ይበቃል» ይላል፤ እመይቴ ይቀጥላሉ። ቱቦው ደረቅ ነው። የቢራራ ጆሮ ቀላ። ውሃው ወዴት ሄደ? ሊሾው ተሰንጥቆ ይሆን? መገጣጠሚያው ለቆ ይሆን? ሴትዮዋ አሁን በዚህች ጣሳ ምክንያት መሳቢያ ሊገቡ ነው?

«ቱቦው ረጅም ነው» አለ ለደርቤ፣ ደርቤ ምንም ሳይጠይቀው።

ከዚያ ቱቦው ጉሮሮውን ጠረገ። አንዲት ጠብታ መጣች፣ ተንጠለጠለች፣ ወደቀች። ከዚያ ክር የሚያህል፣ ከዚያ ጣት የሚያህል ሆኖ እየጠራ፣ እየተንዠቀዠቀ ኮሶው ሥር ገባ። ቢራራ እጁን ደቀነበት፣ ግንባሩን አበሰ።

ቴዎፍሎስ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጥርሱ እየተፋጨ በጓሮ በር ብቅ አለ። «አያ ቢራራ፣ ወጣ?»

«ወጣ።»

«ሁሉም?»

«ከገባውም በላይ ነው የወጣው።»

ቴዎፍሎስ ወደ ውስጥ ተመለሰ። መጋረጃው ሥር ተቀምጦ ጣውላውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ወደ ጥጉ የቀረበውን። መዳፉን አየው፤ ደረቅ ነው። እናቱ ጣሳውን ይዘው ከበላዩ ቆመዋል። «ትቀሪያለሽ» አለ።

«ድሮስ የት ልሄድ ነበር» አሉ እመይቴ፣ ጣሳውን ጀሪካኑ ላይ እየደፉ። ግን ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ አዞሩ፣ ከንፈራቸውም ተንቀሳቀሰ።

ደርቤ ባዶ መኪና ይዞ ሊመለስ መሆኑን ሲሰማ አጉረመረመ፤ ስለዚህ እመይቴ ከእርሻ ድርሻቸው የመጣላቸውን ድንች በጆንያ አስጫኑለት፣ ለእስከዳርም፣ ለጎረቤቶቿም፣ ከላይ ለሚራመዱባትም ከታች ለሚተኙባትም። ሁሉም አለቀ ሲባል ቴዎፍሎስ ደጁ ላይ እናቱን ሳመ፣ ጋቢውን ሳይመልስ ጋቢናው ላይ ወጣ፣ ተቀመጠና አስነጠሰ። መልሶ አስነጠሰ።

እመይቴ የሺወርቅ መስኮቱ ድረስ ሄዱ። «አይ ልጄን፣ ጎንደር ያለው ቤትህ እርጥበት አለው መሰለኝ» አሉት። «ቢራራን ልላክልህ?»

ቢራራ ግን ዳባት ላይ ወለሉ ያበጠበት ሰው ስለጠራው፣ በደርቤና በቴዎፍሎስ መሐል ቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል፤ የኮሶዬውን ካልሲ ወሬም ጀምሮታል።